በሰፈሩት ቁና

ሰው ለሌላው ሚዛን ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ሚዛኑ ወደ ራሱ የዞረ ዕለት ግን ክንዱ ይዝላል፥ ዓይኑም ይፈዛል። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው። ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ዛሬ የምነግርህ ታሪክ እኔን የሚያስመሰግን ሳይሆን የሚያሳፍር ነው። ነገር ግን ዕፍረት ለሚያስተውለው ሰው ከምስጋና ይልቅ ያስተምራልና ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

ያሳደገችኝ አያቴ በገበያ ቀን እህል ትሸጥ ነበር። በዚያ ገበያ አንዳንድ ነጋዴዎች የቁናቸውን ውስጥ በእበት ወፈር አድርገው ይለቀልቁትና፥ ሲያዩት ሙሉ የሚመስል፥ ሲገለብጡት ግን የጎደለ እህል ይሸጡ ነበር። አያቴ ግን ቁናዋን በገዢው ፊት ገልብጣ፥ አራግፋ ካሳየች በኋላ ነበር የምትሰፍረው። «ቁና አፍ የለውም፤ ቢሆንም ይመሰክራል» ትለኝ ነበር። እኔም ይህን ቃል ይዤ አደግሁ፤ የያዝሁት ግን በአፌ እንጂ በልቤ እንዳልነበረ ያወቅሁት ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

በወጣትነቴ ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ ኑሮዬን በዚያ አደረግሁ፤ ትምህርቴንም ከጨረስሁ በኋላ በአንድ ከተማ በፖሊስነት ተቀጠርሁ። መዓርጌ ከፍ ያለ ባይሆንም ሥራዬን እወደው፥ እኮራበትም ነበር። አንድ ቀን ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዳ የነበረ ታክሲ አስቆምሁ። ነጂው የአገሬ ሰው ኖሮ፥ መልኬንና ስሜን አይቶ ወዲያው በአማርኛ «ወንድሜ፥ ያገር ልጅ አይደለህምን? ልጆች አሉኝ፤ ዛሬን እለፈኝ» አለኝ። እኔ ግን በእንግሊዝኛ መለስሁለት፤ የቅጣቱንም ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት።

በዚያ ቀን ያደረግሁት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ በሰርጉም፥ በክርስትናውም፥ ያገር ልጆች በተሰበሰቡበት ማኅበር ሁሉ እያነሣሁ፥ ልጆችን በፊቴ አስቀምጬ «ሕግ ዘመድ አያውቅም» እያልሁ እመካበት ጀመር። ከሚያዳምጡኝ ልጆች አንዲቱ የቅርብ ወዳጄ ልጅ ነበረች። ጕንጯን በእጇ ደግፋ፥ ነገሩን እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከእኔ አትነቅልም ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ስለ ፖሊስ የአካል ብቃት ፈተና ጥቂት ልንገርህ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ሮበርት ፒል በ1829 የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም፥ ለመቀጠር የሚመጣው ሰው ዕድሜው ከ35 ዓመት ያነሰ፥ ቁመቱ ከ5 ጫማ ከ7 ኢንች፥ ማለት ከ170 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፥ ጤነኛና ማንበብ መጻፍ የሚችል እንዲሆን ይፈለግ ነበር። ነገር ግን ቁመት የሰውን ግርማ ያሳያል እንጂ ትንፋሹን አያሳይም። ረጅም ሆኖ አንድ ፎቅ መውጣት የሚያቅተው አለ፤ አጭር ሆኖ ሌባ ሮጦ የሚይዝ አለ። ይህም የቁመት ደንብ ከብዙ ዘመን በኋላ ቀረ።

እኔና እኩዮቼ ስንቀጠር ከተፈተንን ወዲህ ለብዙ ዓመት «ጕልበታችሁ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀን አልነበረም። በ2012 ግን ቶም ዊንሰር የተባሉት ሰው ስለ ፖሊስ አሠራር በመንግሥት ታዘው ባቀረቡት ጽሑፍ፥ ፖሊስ ሁሉ በየዓመቱ እንዲፈተን አሳሰቡ። ከ2013 መስከረም ጀምሮም በእንግሊዝና በዌልስ ፈተናው ግዴታ ሆነ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ደጋግሞ የወደቀ ሰው በሥራ ብቃት ጕድለት ሊጠየቅ እንዲችል ተወሰነ።

ፈተናው እንዲህ ነው። በአዳራሽ ወለል ላይ 15 ሜትር ተራርቀው ሁለት መስመሮች ይሠመራሉ። መሣሪያው ጢጥ የሚል ድምፅ ባሰማ ቍጥር ተፈታኙ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሮጦ መድረስ አለበት። መጀመሪያ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ደረጃው ከፍ ባለ ቍጥር ግን እየፈጠነ ይሄዳል። የሚፈለገው አምስተኛው ደረጃ ላይ አራተኛውን ጉዞ መጨረስ ነው። ይህም በጠቅላላው 35 ጉዞ፥ ወይም 525 ሜትር፥ በጊዜ 3 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ይሆናል። ይህን የጨረሰ ሰው ሰውነቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በደቂቃ 35 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ሊጠቀም ይችላል ተብሎ ይገመታል። መሣሪያ ለሚታጠቁ ፖሊሶች ከዚህ የበለጠ ይጠየቃል፤ ለተራው ፖሊስ ግን ወንድ ቢሆን ሴት፥ ወጣት ቢሆን ሽማግሌ፥ ልኩ ያው አንድ ነው።

እንግዲህ በ2014 ተራዬ ደረሰ። ዕድሜዬ ያን ጊዜ 49 ዓመት ነበር። ባልደረቦቼ አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሰምተዋልና፥ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከእናቱ ማሕፀን ሲሮጥ የሚወጣ ይመስላቸው ነበር። «አንተማ ጫማህን አውልቀህ ትሮጣለህ» እያሉ ይቀልዱብኝ፥ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ከሣቁ በታች ግን የማውቀው ነገር ነበረኝ። ብዙ ዓመት በመኪና ተቀምጬ ሌሊት ያገኘሁትን ስበላ ኖሬ ሆዴ ቀበቶዬን አልፎ ነበር፤ ደረጃ ስወጣም ስልክ የምመልስ መስዬ መካከል ላይ መቆም ለምዶብኝ ነበር።

ወደ አዳራሹ ስገባ መዝገብ ይዛ የቆመችው ፈታኝ ያቺ የወዳጄ ልጅ ሆና አገኘኋት። ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ተምራ፥ በዚያው በከተማችን ፖሊስ ዘንድ በአሠልጣኝነት ተቀጥራ ነበር። ባየኋት ጊዜ ልቤ ደስ አለው። ያ ደስታ ምን እንደ ነበረ አሁን አውቀዋለሁ፤ እሷን በማየቴ የተደሰትሁ መስሎኝ ነበር እንጂ፥ ደስ ያለኝ መውጫ ቀዳዳ ስላገኘሁ ነው።

ሩጫው ተጀመረ። ሦስተኛው ደረጃ ድረስ ከወጣቶቹ ጋር እኩል ሄድሁ። በአራተኛው እግሬ እንደ እርጥብ እንጨት ከበደኝ፤ በአምስተኛው መጀመሪያ ላይ መስመሩን ሳልረግጥ ድምፁ ቀደመኝ፥ ደግሞም ቀደመኝ፤ ከዚያ በኋላ ጕልበቴን ይዤ ቆምሁ። የቀረኝ ሦስት ጉዞ፥ 45 ሜትር ብቻ ነበር። በጊዜም ከ20 ሰከንድ አይበልጥም።

ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ፊቴን እየጠረግሁ ወደ እሷ ቀረብሁና በአማርኛ «የኔ ልጅ፥ ያየሽው ነው፤ ሦስት ብቻ ነው የቀረኝ። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው በሦስት እርምጃ ስሙ አይበላሽ፤ አምስት ከአራት ብለሽ ጻፊው፤ ማንም አያውቅም» አልኋት።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ በአማርኛ መናገሬን ልብ በል። ሃያ ዓመት ሙሉ በሥራ ቦታ ከእንግሊዝኛ በቀር ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ሲናገር ጎረቤት የማይሰማው ቋንቋ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አፌን ስከፍት ጥፋቴን ዐውቄዋለሁ ማለት ነው።

ልጅቱ ቀና ብላ አላየችኝም። አማርኛዋ እንደ እኛ የተባ አልነበረምና ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች «ጋሼ፥ የዚያን የታክሲ ነጂ ነገር ልጅ ሳለሁ ከእርስዎ ነው የሰማሁት። ከሌላ ሰው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ምናልባት እሺ እልዎት ነበር» አለችኝ። ከዚያም ያገኘሁትን ቍጥር በመዝገቡ ላይ ጽፋ፥ እንድፈርምበት ብዕሩን ሰጠችኝ። ብዕሩ በእጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ ግን መንቀጥቀጧን አይቼ አላዘንሁላትም፤ ፈርሜ ሰላም ሳልላት ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ ዕፍረቱ ቍጣ ሆነ። ሰው ሲበደል የሚቈጣውን ያህል፥ ሲበድል ተይዞም ይቈጣል። «የዘመኑ ልጅ ይሉኝታ የለውም» አልሁ። ለአባቷም ልነግርባት አስቤ ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሣሁ፤ ነገር ግን ምን ብዬ እንደምከሳት ቃሉ ስላጣሁ መልሼ አስቀመጥሁት። ቀጥሎም ፈተናውን መክሰስ ጀመርሁ። «የፖሊስ ሥራ በትዕግሥትና በአነጋገር ነው እንጂ በሩጫ ነውን? ሽጕጥ የያዘውን ሰው በቃል አስጥዬ የለምን?» እያልሁ ከራሴ ጋር እሟገት ነበር። ለሙግቴም ምስክር ፍለጋ ስለዚህ ዓይነት ፈተና በየፍርድ ቤቱ የተደረገውን ክርክር ማንበብ ያዝሁ።

በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ የሆነውን ያገኘሁት በዚያ ጊዜ ነው። በዚያ የሕዝብ ማመላለሻውን የሚጠብቀው ፖሊስ፥ በ1991 ለመቀጠር የሚመጣ ሁሉ 1.5 ማይል፥ ይኸውም 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በ12 ደቂቃ እንዲሮጥ ደነገገ። ፈተናው በተሰጠባቸው ዓመታት በአማካይ ከወንዶቹ ከመቶ 60 ያህል ሲያልፉ ከሴቶቹ ያለፉት ከመቶ 12 ብቻ ነበሩ። ነባሮቹ ፖሊሶች ግን ያንን ሩጫ ባይችሉም ከሥራ አይወገዱም ነበር። ሴቶቹ ከሰሱ። የይግባኙም ፍርድ ቤት በ1999፥ እንዲህ ያለ መለኪያ የሚጸናው ለሥራው የግድ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛውን ችሎታ የሚለካ ሲሆን ነው ብሎ ነገሩ እንደ ገና እንዲታይ አዘዘ። እንደ ገና ማስረጃ ከቀረበ በኋላ በ2002 ሩጫው ከሥራው ጋር መገናኘቱ ታምኖበት ደንቡ ጸና።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ «ይኸው! መለኪያ ሁሉ እውነተኛ አይደለም ማለት ነው» ብዬ ተደሰትሁ። ጥቂት ቈይቼ ግን ፍርድ ቤቱ ያነሣውን ጥያቄ ወደ ራሴ መለስሁት። የእኔ ፈተና ከሥራዬ የመነጨ ነውን? ልኩ የተወሰደው ፖሊስ ራሱንና ሌላውን ለመከላከል በሚሰጠው ትምህርት ከሚጠይቀው ትንፋሽ ነው። ከዚያም በላይ የሚጠይቀው ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል መሮጥ ብቻ ነው። ለሙግቴ የጠራሁት ምስክር በእኔ ላይ መሰከረብኝ። አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርሁትና ራሴም ልረሳው የምፈልገው አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ።

ባለፈው ክረምት ከአንድ ወጣት ባልደረባዬ ጋር ተረኛ ሳለን፥ በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት እየጮኸች መሆኗ ተነገረን። ሁለታችንም ደረጃውን መሮጥ ጀመርን። እሱ ቀድሞ ሄደ። እኔ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ደረቴ ተዘጋብኝና የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምሁ። በላይ በኩል የሚታገሉ ሰዎች ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ስደርስ ልጁ ሰውየውን ወለል ላይ ተጭኖ ይዞታል፤ ግን የግራ እጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ለሁለት ሰው የሆነውን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሠራው። እኔም በማግሥቱ ሪፖርት ስጽፍ «ባልደረባዬን ተከትዬ ወዲያው ደረስሁ» ብዬ ጻፍሁ። የጠየቀኝ የለም።

«ወዲያው» የምትለዋ ቃል በቁናዬ ውስጥ የለቀለቅሁት እበት ነበረች። ፈተናው ያን ሌሊት ደረጃው የነገረኝን እውነት በቍጥር አድርጎ ደገመልኝ እንጂ አዲስ ነገር አልነገረኝም። እኔ ከልጅቱ የለመንሁትም ሦስት ጉዞ እንድትጨምርልኝ ብቻ አልነበረም፤ ነገ ከእኔ ጋር ደረጃ የሚወጣው ሌላ ወጣት፥ ከኋላዬ ሰው አለ ብሎ በውሸት እንዲተማመን ነበር።

በማግሥቱ ለአለቃዬ ሄጄ የዚያን ሌሊት ነገር እንደ ሆነው አድርጌ ነገርሁት፤ ተገሠጽሁ፤ በሪፖርቱም ላይ ማስተካከያ ጻፍሁ። ለወጣቱ ባልደረባዬም ስነግረው ጥቂት ዝም አለና «ቆመህ ስታለከልክ ሰምቼህ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በልቤ ብቻዬን እንደ ሆንሁ እየቈጠርሁ ነው የምሠራው» አለኝ። ከተግሣጹ ይልቅ ይህ ቃል አጥንቴ ድረስ ገባ።

ለወደቀ ሰው የመዘጋጃ ጊዜ ተሰጥቶት ደግሞ ይፈተናልና፥ ከልምምዱ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ደም ብዛት እንዳለብኝ፥ ሳይታወቀኝም ብዙ ጊዜ እንደ ቈየ ተነገረኝ። መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ጨው እንድቀንስ፥ በየቀኑም እንድራመድ ተመከርሁ። መጀመሪያ 20 ደቂቃ በእግሬ መሄድ፥ ከዚያ ሶምሶማ፥ ከዚያ መሮጥ ጀመርሁ። ልጅቱ እሺ ብላኝ ኖሮ ሐኪም ዘንድ የሚወስደኝ ምክንያት አይኖርም ነበር። የከለከለችኝ መስሎኝ የተቈጣሁባት ነገር ለካ የሰጠችኝ ኖሯል።

ከአራት ወር በኋላ ወደዚያው አዳራሽ ተመለስሁ። ያው መስመር፥ ያው ድምፅ፥ ያቺው ልጅ ነበረች። 35ኛውን ጉዞ ጨርሼ ስቆም ፊቷ አልተለወጠም፤ ያገኘሁትን ቍጥር በዚያው በፊተኛው የእጅ ጽሕፈት ጽፋ ብዕሩን ሰጠችኝ። እኔም «ልጄ፥ ያን ጊዜ የጠየቅሁሽ ነውር ነበር፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። በአገራችን ልማድ ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ ታናሹ ይጨነቃልና፥ «ጋሼ፥ ይተዉት፤ እኔ እኮ ማታ ሳለቅስ ነው ያደርሁት» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው እውነተኛ ፈራጅ ምን ዋጋ እንደሚከፍል የገባኝ። እኔ የታክሲውን ነጂ በቀጣሁ ጊዜ አላለቀስሁም ነበር፤ በየሰርጉ ተመካሁበት እንጂ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ውሰድ። አንደኛ፥ መለኪያ ሲቀርብልህ ከሥራው የመነጨ መሆኑን መጠየቅ መብትህ ነው። እንደ ጥንቱ የቁመት ደንብ ከሥራው ጋር የማይገናኝ ልክ ደኅናውን ሰው በከንቱ ያስቀራልና፥ እንዲህ ያለውን በግልጥ ተቃወም። ጥያቄህን ግን ከመፈተንህ በፊት አንሣ፤ ከወደቀ በኋላ ሚዛኑን የሚከስ ሰው ነገሩ እውነት ቢሆን እንኳ የሚያምነው አያገኝም።

ሁለተኛ፥ ፈተና የሰውን ሁለንተና አይለካም። ሩጫ ትዕግሥትን አይለካም፥ ቸርነትንም አይለካም፤ ትንፋሽን ብቻ ይለካል። ስለዚህ ያለፈ አይታበይ፥ የወደቀም ራሱን አይናቅ። ነገር ግን ትዕግሥት አለኝ ብሎ የትንፋሹን ጕድለት የሚሸፍን ሰው፥ ጤፍ ሲጠየቅ ገብስ ሰፍሮ እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው።

ሦስተኛ፥ ወዳጅህ «እለፈኝ» ሲልህ እምቢ ማለት ጠላትነት አይደለም። እምቢ ባልህ ጊዜ ግን አትመካ፤ ያንን ቃል አንተም አንድ ቀን ለመናገር ትፈተናለህና። አያቴ ቁናዋን በገዢው ፊት ገልብጣ የምታራግፈው ገዢውን ለማስደሰት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፥ ከገዢው አስቀድማ የቁናዋን ውስጥ የምታየው ራሷ ነበረች።